የዲስኩ መርዶ

በ2067 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ ምንም ነገር በድንገት አይበላሽም ነበር። ጫማ ሶሉ ከመላቀቁ ከአርባ ቀን በፊት ያስታውቃል። ጃንጥላ ክረምቱ ሳይገባ የትኛው ሽቦው እንደሚከዳው ያውቃል። የበር ቁልፍ ሳይቀር «ከጥቅምት ወዲያ እኔን አትመኑ» ብሎ ይሰናበታል። «ድንገት» የሚለውን ቃል ልጆች የሚማሩት ከመዝገበ ቃላት ነው።

መጀመሪያ ላይ ዕቃዎች የሚናገሩት በግልጽ ነበር፤ ግልጽነቱ ግን ለሰው አልተስማማም። በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ ማቀዝቀዣው እንግዳው ሁሉ ጎርሶ ሳለ «ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ እሞታለሁ» ሲል የክርስትና እናቲቱ ደንግጣ ወደቀች። በዚያው ወር አንድ የሠርግ መኪና ሙሽሮቹን ጭኖ ቁልቁለት እየወረደ ስለ ፍሬኑ መናዘዝ ጀመረ። መኪናው በሰላም ደረሰ፤ ሙሽራው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ይንተባተባል ይባላል። ሕዝቡ እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻም ሽማግሌዎች ተሰብስበው መክረው አንድ ደንብ አወጡ፤ ስሙ ረጅም ስለሆነ ሁሉም ሰው የሚጠራው «የይሉኝታ ደንብ» እያለ ነው።

በደንቡ መሠረት ማንኛውም ዕቃ ጨዋ ሰው እንደሚናገረው ይናገራል። እንዴት ነህ ሲባል «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይላል። ሕመሙን ሳይጠየቅ አይዘረዝርም። ዕድሜው ከአሥር ቀን በታች ከቀረ ደግሞ ነገሩን ለባለቤቱ አይነግርም፤ ነውር ነው። የሚነግረው ለሦስት የቅርብ ሰዎች ነው። እነሱም ቀን ይቆርጣሉ፣ የሩቁን ዘመድ ይጠራሉ፣ ባለቤቱ በዋዜማው እራቱን በደንብ መብላቱን ያረጋግጣሉ፣ ከዚያ በማለዳ ሄደው እንደ ሰው መርዶ ያረዱታል። ሕዝቡ እፎይ አለ፤ እንቅልፉም ተመለሰለት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ሁሉ ነገር መሞቻውን አስቀድሞ የሚያውቅ ከሆነ ምን ሲደረግ ሁለት ቅጂ ይቀመጣል? ሰው መገልበጥ ተወ። ፎቶውም፣ ድምፁም፣ ደብዳቤውም በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ይኖር ጀመር።

አሰገደች ወልደየስ በዚህ ዘመን የዲስክ ጠያቂ ነበረች። ከተማዋ በብርዷ ምክንያት የአገሩ ሁሉ ዲስኮች ማደሪያ ሆናለች፤ ከጠባሴ ሰፈር በላይ የተሠራውንም ረጅም ሕንጻ ነዋሪው «ብርድ ቤት» ይለዋል። እዚያ ውስጥ አራት ሺህ ዲስኮች ይሽከረከራሉ። አሰገደች ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ካፖርቷን ደርባ፣ በርጩማዋን ይዛ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረች ጤናቸውን ስትጠይቅ ኖራለች።

ወጣቶቹ መሐንዲሶች አንዴ ጠይቀው «ደህና ነኝ» ሲባሉ ምልክት አድርገው ያልፋሉ። አሰገደች እንዲህ ዓይነቱን ጥየቃ አትቆጥረውም። ጨዋ ሰው እውነቱን የሚናገረው በስንተኛው ሰላምታ እንደሆነ ታውቃለችና የምትጠይቀው ሰባት ጊዜ ነው። ስንት ሰዓት ቆመህ ሠራህ? ትኩሳት አለህ? ጠዋት ስትነሳ ይከብድሃል? አንዱን ነገር ስንት ጊዜ ደጋግመህ ነው የምታነበው? የተበላሸብህን ቦታ ትተህ ወደ መጠባበቂያው ያዛወርከው ስንት ነው? ልታዛውር ፈልገህ ገና ያልወሰንክበትስ? ሰባተኛው ጥያቄ «ለማን ነገርክ?» የሚል ነው። ስድስቱን ዋሽቶ ያለፈ ዲስክ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ አሰገደች ብድግ ብላ አዲስ ዲስክ ታዛለች። «ደህና ነኝ» ብሎ የሚያበቃ ዲስክ በእርግጥም ደህና ነው። «አንቺስ ልጆቹስ ጎረቤቱስ» እያለ የሚያበዛው ግን የሚደብቀው ነገር አለው ትላለች።

ቤቷ ውስጥ አንድ ዲስክ አለ፤ ስሙ አደራ ነው። ዲስኩ የባሏ የጋሽ ሽብሩ ነው። ሽብሩ ሠላሳ አንድ ዓመት የውርጭ እግር ኳስ ክለብን ጨዋታ በከተማው ራዲዮ ሲያስተላልፍ የኖረ ሰው ነበር። ውርጭ መሸነፍ የማይሰለቸው ቡድን ነበር፤ ሽብሩ ግን ሽንፈቱን እንደ ድል አድርጎ ስለሚተርከው ሜዳ የተገኘው ሰው አዝኖ ሲወጣ ቤቱ ሆኖ የሰማው ደስ ብሎት ይተኛ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ጉሮሮውን ታመመና ሐኪሞቹ ሕይወቱን አትርፈው ድምፁን አስቀሩበት። አሁን የሚወጣው ሹክሹክታ ብቻ ነው፤ እሱንም ከአሰገደች በቀር ለሰው አያሰማም። አፍሮበታል።

አራት መቶ ስድስት ጨዋታ አደራ ላይ አለ። በየሳምንቱ እሑድ ከምሳ በኋላ አንዱን ይከፍታሉ። የወጣቱ ሽብሩ ድምፅ ቤቱን ሲሞላው ሽማግሌው ሽብሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያለ ድምፅ ከንፈሩን አብሮ ያንቀሳቅሳል። አሰገደች ሹራብ እየሠራች ከንፈሩን ታያለች። ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ ይህን ሰዓት ትወደዋለች።

በግንቦት ወር አንድ ሰኞ ጠዋት ጎረቤቷ ወይዘሮ ትርንጎ ቅንጬ በቅቤ አድርጋ ይዛ መጣች። ማክሰኞም መጣች። ትርንጎ ጥሩ ጎረቤት ናት፤ ቢሆንም በሃያ ዓመት ጉርብትናቸው ከዚህ ቤት ወንፊት ወሰደች እንጂ ወደዚህ ቤት ያሻገረችው ነገር አልነበረም። አሰገደችን ነገሩ ገረማት። ትርንጎ ብይ ብይ እያለች አጠገቧ ቆማ ሳህኑ እስኪጸዳ ጠበቀች። መንገድ ላይ የሚያገኟት ሰዎች ዘንቢሏን ይቀበሏታል። የቤቷ ዕቃዎችም አመላቸው ተለወጠ፦ በሩ ሲዘጋ አይጮህም፣ ማንቆርቆሪያው ለስለስ ባለ ድምፅ «ሻይዎ ደርሷል እትዬ» ይላል፣ ጫማዋም ቀስ ብላ እንድትረግጥ ይመክራታል።

ረቡዕ ከሥራ ስትመለስ የእድሩ ድንኳን አጥር ላይ ተሰጥቶ አየች። የእድሩ ዳኛ አቶ በየነ ከሥሩ ቆመው ካስማ ይቆጥራሉ። ማን አረፈ ብላ ጠየቀቻቸው። ማንም አላረፈም፣ እንዲያው እንዲናፈስ ብለን ነው አሉ፤ ዓይናቸውን ግን ከካስማው ላይ አላነሱም። አቶ በየነ በወጣትነታቸው የውርጭ ተከላካይ ነበሩ፤ ያን ጊዜም ኳስ ወደሳቸው ስትመጣ እንዲሁ ወደ መሬት ያዩ ነበር።

አሰገደች ቤቷ ገብታ ቁጭ አለች። ሽብሩ ደህና ነው፣ እያየችው ነው። እህቷ ፀዳለ ጠዋት ከመሐል ሜዳ ከተማ ደውላላት ነበር፤ ቅዳሜ እመጣለሁ ብላታለች። ለምን እንደምትመጣ ስትጠይቃት «እንዲያው ናፍቀሽኝ» አለች። ፀዳለ በሕይወቷ ሰው ናፍቋት የማታውቅ ሴት ናት። እንግዲህ ማን ቀረ? «እኔ ነኝ» አለች በሆዷ።

ሐሙስ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። መርማሪው መሣሪያ እጇን ይዞ «ደህና ነዎት እትዬ፣ ተመስገን» አላት። አሰገደች በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ከአንደኛው ጥያቄ ጀመረች። ከኋላዋ ሰልፍ ተሠራ። መሣሪያው በአራተኛው ላይ ጉልበቷን ጠቀሰ፤ በአምስተኛው ላይ የሆዷ አሲድ ትንሽ ከፍ ብሏል አለ። «ለማን ነገርክ?» ስትለው «ምን አለኝና ለማን እነግራለሁ?» ብሎ መለሰላት። መልሱ ፈጣን ነበር፤ እውነቱን ነው። አሰገደች ጤነኛ ነበረች።

የምትሞተው እሷ ካልሆነች ድንኳኑ የማነው? ቁልቁል ወደ ቤቷ ስትወርድ እድሩ ከሁለት ዓመት በፊት የወሰነው ነገር ትዝ አላት፦ የሰው ድምፅ የያዘ ዲስክ ሲያርፍ ግማሽ ቀን ድንኳን ይተከላል። ሃሳቡን ደግፋ እጇን ያወጣችው ራሷ ናት። ወዲያው ሌላም ነገር ትዝ አላትና መንገዱ መሃል ቆመች። በቀን ስንት መቶ ዲስክ ሰባት ሰባት ጊዜ ስትጠይቅ የራሷን የቤቷን ዲስክ አንዴ ብቻ፣ እሱንም በር እየከፈተች «ደህና አደርክ» ብላው ነው የምትወጣው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ማለት ይህ ነው። አሰገደች በራሷ አፈረች።

ቤት ስትደርስ ሽብሩ አልነበረም። በርጩማዋን አደራ ያለበት ቁም ሳጥን አጠገብ አስቀምጣ ተቀመጠች።

«ደህና ዋልክ አደራ?»

«ደህና፣ ተመስገን። እርስዎስ? ጋሽ ሽብሩስ? እነ ትርንጎስ? ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል?»

አሰገደች ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ አንድ በአንድ ጠየቀችው። አሥራ አራት ዓመት ቆሜ ሠርቻለሁ አላት። ትኩሳቱ ትንሽ ነው፣ የቁም ሳጥኑ ሙቀት ይሆናል አለ። ጠዋት ሲነሳ ድሮ ስምንት ሰከንድ ይበቃው ነበር፤ አሁን ሃያ ሰባት ነው፣ ግን ዕድሜ ነው አለ። አንዱን ቃል አንዳንዴ መቶ ጊዜ ያነበዋል። ካዛወራቸው ቦታዎች የተነሣ መጠባበቂያው ሊያልቅ ነው። ገና ያልወሰነባቸው ደግሞ ብዙ ናቸው፤ ቁጥራቸውን እሷን ላለማሳዘን ቢተወው ይመርጣል።

«ለማን ነገርክ?»

ዲስኩ ዝም አለ። ከውስጡ ታክ፣ ታክ የሚል ድምፅ ተሰማ። አሰገደች ይህን ድምፅ በሥራ ቦታ ስትሰማ ከበርጩማዋ ትነሳለች፤ አሁን ግን መነሳት አቃታት።

«ለወይዘሮ ትርንጎ» አላት በመጨረሻ። «ለአቶ በየነ። ለጋሽ ሽብሩ። ያለፈው ዓርብ ነው የነገርኳቸው። እስከ እሑድ እደርሳለሁ። ቅዳሜ ማለዳ ሊነግሩዎት ቀን ቆርጠዋል፤ እባክዎ ያላወቁ ይምሰሉ።»

ሽብሩ ሲመጣ እንባዋን አልደበቀችም። ተናዳ ነበር፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ያሳዘናት የሱ ስም ከሦስቱ መሃል መኖሩ ነው። ሽብሩ አጠገቧ ተንበርክኮ በሹክሹክታው አስረዳት። ለሌላው ዲስክ ሁሉ ደርሳ ለሱ ድምፅ ሳትደርስ መቅረቷ እንዳያንገበግባት ብሎ ነው። መገልበጡስ ቢሆን ቅዳሜ ሲነገራት በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ነገር መስሎታል።

«ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ሽብሩ» አለችው። «እንደሱ ያረጀ ዲስክ ለመገልበጥ ሁለት ቀን ያህል ይፈጃል።»

ሽብሩ ፊቱ ነጣ። ይህን በሰፈሩ ውስጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ በሰፈሩ ውስጥ ያልተነገራትም እሷ ብቻ ናት። የቅዳሜው መርዶ በሥርዓቱ ቢነገር ኖሮ ግማሹ ጨዋታ በእድሩ ድንኳን ሥር ይቀበር ነበር።

አሰገደች ሮጣ ወደ ብርድ ቤት ሄዳ ከመጋዘኑ አዲስ ዲስክ ፈርማ አወጣች። ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መገልበጡ ተጀመረ። ለአቶ በየነ ሄዳ «አውቄያለሁ» ልትል ትችል ነበር፤ ይሉኝታ ያዛት። ፀዳለ ልትመጣ ተዘጋጅታለች፣ ድንኳኑ ታጥቧል፣ ሰው ሁሉ ለሷ ተጨንቆ ሰንብቷል። ስለዚህ ዓርብ ዕለት ትርንጎ ቅንጬውን ይዛ ስትመጣ አሰገደች ምንም እንዳልሰማች ሆና በላች፤ ትርንጎም ምንም እንደማታውቅ ሆና አበላቻት። አደራ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያቃስታል። ሁለቱም ሴቶች ስለ ጎመን ዋጋ አወሩ።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል አራት መቶ አምስት ጨዋታ ሙሉ በሙሉ ወደ አዲሱ ዲስክ ተሻገረ። የቀረው አንድ ነበር፤ እሱም ጨዋታዎቹ ሁሉ ተደምረው የማይተኩት ጨዋታ ነው። በ2038 ዓ.ም. ውርጭ ከአዳማው ቡድን ጋር ተጫውቶ አንድ ለዜሮ ያሸነፈበት፣ በታሪኩ ያሸነፈው ብቸኛ ጨዋታ። በዚያ ቀን ሜዳው በጉም ተሸፍኖ ነበርና ጎሉን ያየ ሰው የለም። ተመልካቹ አላየም፣ የአዳማው በረኛም አላየም። ከጎሉ አጠገብ ቆሞ ያስተላልፍ የነበረው ሽብሩ ብቻ «በየነ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ዳኛውም እሱን ሰምቶ ፊሽካ ነፋ። ያን ጎል ተከላካዩ በየነ ማግባታቸውን የሚያሳይ በዓለም ላይ ያለው ማስረጃ ያ ጩኸት ነው።

አደራ ጎሉ የገባበት ሰባ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ተያዘ። ያንኑ ቦታ ደጋግሞ አነበበ፣ አሁንም አነበበ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። «እዚህ ጋ እኔም ጉም ገጥሞኛል።»

ሃምሳ ሰከንድ ያህል ዘሎ የቀረውን ጨርሶ ሰጣትና፣ መገልበጡ አድክሞት ኖሮ፣ ከእሑዱ አንድ ቀን ቀድሞ ቆመ። አሰገደች በነጠላዋ ጠቅልላ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችው። ጨርቁ ላይ እጇን አሳርፋ ትንሽ አለቀሰች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። አቶ በየነ ኮታቸውን ለብሰው ከፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው ትርንጎ፣ ሌሊቱን ስትጓዝ ያደረችው ፀዳለ፣ ሌሎችም ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተደርድረዋል። አቶ በየነ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ አሰገደች ልጄ፣ የተፈጠረ ሁሉ…»

«ጋሽ በየነ፣ ለቀባሪ አያርዱ» አለቻቸው በፈገግታ። «ይግቡ፣ ግቡ ሁላችሁም።»

ገብተው በነጠላ የተጠቀለለውን አዩ፤ አጠገቡም አዲሱን ዲስክ። ነገሩ ሲገባቸው ቤቱ በአንድ ጊዜ ተንጫጫ። ፀዳለ በከንቱ በመምጣቷ ተቆጣች፤ ትርንጎ ለአምስት ቀን ቅንጬዋ ማብራሪያ ጠየቀች። አቶ በየነ ከሁሉ ይልቅ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው ላባቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። የሰፈሩ ሰዎች ጎሉ ውሸት ነው እያሉ ሲያሾፉባቸው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ሽብሩ ቤት ሄዳችሁ ስሙ» እያሉ ኖረዋልና ጭንቀታቸው የድንኳን ብቻ አልነበረም።

አሰገደች ፊታቸውን አየች፤ ጩኸቱ እንዳልተረፈ አያውቁም። አሁን መናገር የሷ ተራ ነው። እውነቱን ቀጥታ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጋሽ በየነ» አለቻቸው ቀስ ብላ፣ «ትናንት ማታ እራትዎን በደንብ በልተዋል?»

አቶ በየነ በዕድሜያቸው ከአርባ በላይ መርዶ ያረዱ ሰው ናቸው፤ ይህ ጥያቄ ምን እንደሚያስከትል ያውቃሉ። መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ማን ነው?»

«ሰባ ስምንተኛው ደቂቃ።»

ትልቁ ሰውዬ እንደ ሕፃን ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ትርንጎ ባዶ እጇን መሆኗን አይታ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅንጬ ባለማምጣቷ ተጸጸተች።

ሽብሩ ተነሳ። ከስድስት ዓመት ወዲህ በሰው ፊት ከንፈሩን ያላላቀቀው ሽብሩ ወደ አዲሱ ዲስክ ተራመደ፣ ጎንበስ አለና አፉን አስጠጋ። ሹክሹክታው ሲጀምር ሁሉም ለመስማት ጠጋ አለ።

«ሰባ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ እንገኛለን ውድ አድማጮች። ጉሙ ከዓይን ሽፋሽፍት ላይ ይንጠባጠባል። ኳሷ የት እንዳለች እግዜር ይወቅ። አንድ ሰው ከጉሙ ወጣ። ከረጅም ቁመናው አወቅሁት፣ ተከላካዩ በየነ ነው። እዚህ ምን ሊሠራ መጣ? መንገድ ጠፍቶት ነው። ኳሷ መጣች፣ በግራ እግሩ መታት… ጎል። ጎል። በየነ ነው።»

«ጎል» የምትለዋ ቃል ከሽብሩ አፍ የወጣችው እንደ እስትንፋስ ነው። አሰገደች በእሑዶቹ ሁሉ ያየቻቸው ከንፈሮች ዛሬ ድምፅ ነበራቸው፤ ደስታዋን የምታደርግበት ጠፋት።

አቶ በየነ እንባቸውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ጠርገው፣ መሬት መሬቱን እያዩ፣ «በጉልበቴ ነበር» አሉ።

ሰው ሁሉ ዞረ።

«ኳሷ መጥታ ጉልበቴን መታችው እንጂ እኔ አልመታኋትም። ሽብሩ በግራ እግሩ ሲል ጊዜ እሱን በሰው ፊት ማረም ነውር መሰለኝና ሃያ ዘጠኝ ዓመት ዝም አልኩ።»

ሽብሩ ሳቀ። ድምፅ የሌለው ሳቅ ትከሻውን ይንጠው ጀመር፤ ቤቱም አብሮ ሳቀ። ፀዳለ ሳትቀር ሳቀች። አዲሱ ዲስክ ሹክሹክታውንም፣ ጉልበቱንም፣ ሳቁንም አንድ ሳያስቀር ያዘ። ከፈለጋችሁ ድንኳኑን እንትከለውና እዚያ ቁርስ እንብላ የሚል ሃሳብ ከጓሮ በኩል ተነሳ፤ ሁሉም እየተንጋጋ ወጣ።

አሰገደች ወደ ኋላ ቀረች። በርጩማዋን ስባ ከአዲሱ ዲስክ ፊት ተቀመጠች።

«እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን።»

መልሱ አጭርና ፈጣን ነበር። እህሉ ቀርቧል፣ ነይ እንጂ እያሉ ከውጭ ይጠሯታል። አሰገደች መጣሁ አለችና በርጩማዋን ወደ ዲስኩ ይበልጥ አስጠጋች።

«እሺ» አለችው፤ «ትኩሳት አለህ?»